በአፍዎ ይድገሙልኝ

ዓይን አውጣ ይሉኛል አሉ። ይበሉ! የሰው ዓይን ከሚጠፋ እኔ ዓይን አውጣ ተብዬ ብኖር ይሻለኛል። ደግሞስ ምን አልኩ? ካፒቴኑን «የነገርኩዎትን ይድገሙልኝ» አልኩ። ወንጀሌ ይኸው ነው።

ፋዲላ ሷሊሕ እባላለሁ። ሥራዬ ሬዲዮ ነው። ማሽላው ፍሬ ሲቋጥር ግሪሳ ወፍ ቆላውን ይወርረዋል፤ ያኔ መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን ይመጣና ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ካለው የአፈር ሜዳ ይነሳል። ግሪሳው ወንዝ ዳር ግራሩ ላይና ደንገሉ ውስጥ ስለሚያድር የሚረጨው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። እኔ ፒካፕ መኪና ላይ ቆሜ፣ ሰውም ከብትም ከሥር መውጣቱን አይቼ ለፓይለቱ እናገራለሁ። «ይርጩ» ካላልኩ አይረጭም።

ፓይለታችን ካፒቴን አብዱልወሃብ የማጀቴ ሰው ናቸው። ሽማግሌው ሁሉ «ከዚህ ቆላ ተነስቶ ሰማይ የወጣ ሌላ ማን አለን?» እያለ ይኮራባቸዋል፤ እኔም እኮራ ነበር። አንድ አመል ግን አላቸው። ሲነገራቸው በቃል አይመልሱም፤ የሬዲዮውን ቁልፍ ሁለቴ ጠቅ ጠቅ ያደርጋሉ። ሰምቻለሁ ማለታቸው ነው። ሥልጠና ላይ የተማርነው ሌላ ነው፤ የሰማ ሰው የሰማውን መልሶ ይናገራል፣ የተናገረውም ልክ መሆኑን ያረጋግጣል። ግን እኛ ዘንድ ትልቅ ሰውን «እስቲ ያልኩህን ድገም» የሚል ማን ነው? አባቱን እንደ ተማሪ የሚፈትን አለ? ይሉኝታ ያዘን። ጭራሽ አመሉ አማረብንና ሁላችንም ጠቅ ጠቅ ማለት ጀመርን፣ ሾፌራችን ካሚል ሳይቀር።

ማክሰኞ የሆነው እንዲህ ነው። እትዬ ሐጂራ ወንጭፏን ይዛ ማማዋ ላይ ነበረች፤ አልወረደችም። «ካፒቴን፣ ማማ ላይ ሰው አለ፣ እንዳይረጩ» አልኩ። ጠቅ ጠቅ የሚል ሰማሁ። ደረሳቸው ብዬ ሬዲዮውን ከአፌ አወረድኩ። አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ መጣና፣ ያ ረቢ! መድኃኒቱን እላይዋ ላይ ለቀቀው። ስትወርድ ታስመልስ ነበር፤ ዓይኗ ያለቅሳል፣ መሰላሉን በእጇ ትዳብሳለች። ይኸው እስከ ዛሬ ሆስፒታል ተኝታ ሰው የምትለየው በድምፅ ነው።

ካፒቴኑ ምንም አልሰሙም ነበር፤ የከለከላቸው ሲያጡ እንደ ተፈቀደ ቆጥረው ረጩ። ከተራራው ጀርባ ሲዞሩ ሬዲዮው ይጠፋል። ጠቅ ጠቅ ያለው ካሚል ነው! መኪናው ውስጥ ሆኖ በያዘው ሬዲዮ እኔን ሰምቻለሁ ማለቱ ነው፣ በለመደ እጁ። በማግስቱ አለቃችን አቶ ኢልያስ ፊት እያለቀሰ ተናገረ።

አቶ ኢልያስ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ጠቅታ ወረቀት ላይ አይጻፍም።» ከዚያ አንድ ወረቀት ሰጡኝ፤ «ሠራተኛዋ መልእክቱን በወቅቱ አላስተላለፈችም» ይላል። ፈርሚ አሉኝ። ደሜ ፈላ። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ከሥሩ ጻፍኩበት፦ «አስተላልፌአለሁ። ጥፋቴ ካፒቴኑን አለማስደገሜ ነው። ከእንግዲህ ሳይደግሙ ይርጩ አልልም።» እሱ ላይ ፈረምኩ።

«ማን ነኝ ብለሽ ነው አንቺ?» አሉኝ።

«ሬዲዮ የያዘች ሴት» አልኳቸው።

ዓርብ ደግሞ በረራ ነበር። ገበሬው ሜዳው ላይ ተሰብስቧል፣ አባቴም አለ። በምዕራብ በኩል ወንዙን ተጠግቶ ያለው ማሽላ የአባቴ ነው። የዓመት ቀለባችን ነው እንግዲህ። ያን ቀን ካልተረጨ ጠዋት ግሪሳው ሲነሳ አገዳው ብቻ እንደሚቀር ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ከአባቴ ማሳ አጠገብ የእትዬ ሐጂራ ማማ አለ። እናትየው ሆስፒታል ስትገባ ልጇ ኑርሃን ሕፃኗን አዝላ ማማው ላይ ወጥታለች፤ ማን ይጠብቅላት? ካሚልን ሬዲዮውን ተቀብዬ በሞተር ሳይክል ሄዶ እንዲያወርዳት ላክሁት።

አውሮፕላኑ ተነሳ።

«ካፒቴን፣ በምሥራቅ ይጀምሩ። በምዕራብ ማማ ላይ ሰው አለ፤ እስክነግርዎ ወደዚያ እንዳይረጩ።»

ጠቅ ጠቅ።

«ካፒቴን፣ ያልኩትን በአፍዎ ይድገሙልኝ።»

ጠቅ ጠቅ።

«በአፍዎ ነው ያልኩት።»

አንድ ሽማግሌ «አስተግፊሩላህ» ሲሉ ሰማኋቸው።

የካፒቴኑ ድምፅ መጣ። «ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት በርሬአለሁ።»

«ሠላሳ ዓመትዎን አላህ ይባርክልዎ፣ ጋሼ። እኔ የምጠይቅዎ የዛሬዋን ነው።»

«ሰምቻለሁ ብዬሻለሁ!»

«የሰሙትን ይንገሩኛ!»

አቶ ኢልያስ መኪናው ላይ ዘለው ወጡና ሬዲዮውን ሊነጥቁኝ እጄን ያዙ። በሁለት እጄ ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩት። ፀሐይዋ ወደ ደብረ ሲና ተራራ ጫፍ ወርዳለች፤ ግሪሳው ከሰማዩ እየተጠቀለለ ደንገሉ ውስጥ ይገባል። ገበሬው ጮኸ። «መሸ! ስጫቸው! አስበላሽን!»

ከሁሉም የአባቴ ድምፅ ተለይቶ ተሰማኝ። «ፋዲላ! ስጫቸው ብያለሁ! ቤቴን ልትዘጊው ነው?»

አባቴን እምቢ ብዬ አላውቅም፤ ወላሂ አላውቅም። እንባዬ መጣ፣ ምን እደብቃለሁ። ግን እትዬ ሐጂራ መሰላሉን ስትዳብስ ታየችኝ።

«አልሰጥም አባ!» አልኩ። ከዚያ በሬዲዮው «ካፒቴን፣ ካልደገሙ ይመለሱና ያርፉ። ይርጩ አልልም።»

አውሮፕላኑ አንድ ዙር ዞረ። ከዚያ ካፒቴኑ በንዴት፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ቃል በቃል እየለዩ ተናገሩ። «እሺ፣ እመቤቴ! በምሥራቅ ሰው አለ። በምዕራብ ጀምሬ እረጫለሁ። በቃሽ?»

የአቶ ኢልያስ እጅ ከእጄ ላይ ወደቀ። ተራራው መልእክቴን ቆራርጦ አድርሶላቸው፣ የጎደለውን በግምት ሞልተውት ነበር። ከሩቅ የኑርሃን ነጠላ ማማው ላይ ይታያል፤ ካሚል ገና ከሥሯ አልደረሰም።

«አይደለም! አይደለም ካፒቴን! ሰው ያለው በምዕራብ ነው! በምዕራብ እናት ከነልጇ አለች!»

ካፒቴኑ ሲመልሱ ንዴቱ የለም። «በምዕራብ ሰው አለ። በምሥራቅ እጀምራለሁ። እስክትነግሪኝ ወደ ምዕራብ አልረጭም።»

«ልክ ነው። ይርጩ።»

ምሥራቁ ተረጨ። ኑርሃን ወርዳ እስክትርቅ ግን ጨለመ፤ ምዕራቡ ቀረ። ጠዋት ግሪሳው የአባቴን ማሽላ ጨረሰው። አባቴ ሄዶ ባዶውን አገዳ እየያዘ ሲያየው ዋለ። ማታ ገብቶ «ማሽላዬን አስበላሽኝ» አለኝ። ሌላ ቃል አልተናገረኝም።

ሰኞ ደብዳቤ ደረሰኝ። በታላላቆች ላይ ባሳየሁት ድፍረት ከሬዲዮ ተነስቼ መዝገብ ቤት እንድሠራ ይላል። ምዕራብ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አላለቀስኩም፤ ደስ አይበላቸው! አባቴ ያን ቀን እትዬ ሐጂራን ሊጠይቅ ሆስፒታል ሄዶ ነበር። ሲመለስ እራት ቀርቦለት አልበላም። አሁንም አላናገረኝም።

ረቡዕ የቀረውን ሊረጩ ሲመጡ ሜዳው ላይ ወጣሁ፤ ሥራ ኖሮኝ አይደለም፣ ቤት መቀመጥ አልሆንልኝ ብሎ ነው። ሬዲዮውን በእኔ ቦታ አብዱረሂም የሚባል ልጅ ይዟል። ትሑት ነው፣ አይናገር አይጋገር። ካፒቴኑ ዓርብ የደነገጡት አልፎላቸው ነው መሰል ወደ አመላቸው ተመልሰዋል። አብዱረሂም መልእክቱን አስተላለፈ።

ጠቅ ጠቅ።

አብዱረሂም አቶ ኢልያስን አየ። አቶ ኢልያስ ራሳቸውን ነቀነቁለት። «ይር...» ሊል አፉን ሲከፍት፣ የመኪናው ጎን በዱላ ሲመታ ቷ! አለ።

አባቴ ነው። «ይድገሙ በላቸው።»

«አባት፣ ኧረ ነውር ነው» አለ አብዱረሂም።

«ይድገሙ!» አለ ከኋላ ሌላ ገበሬ። «ይድገሙ!» አሉ ሴቶቹ።

አብዱረሂም ላብ አጠመቀው። ቁልፉን ተጫነና «ካፒቴን፣ ይቅርታ፣ በአፍዎ ይድገሙ ይላሉ» አለ።

«ማን ነው የሚለው?» አሉ ካፒቴኑ ከላይ።

አባቴ መኪናው ላይ ወጣ። በሕይወቱ ሬዲዮ ይዞ የማያውቅ ሰው፣ ከአብዱረሂም እጅ ወስዶ ገልብጦ ያዘው። እኔን አላየኝም። እዚያው ማጀቴ ድረስ ሊያሰማ እንደፈለገ ጮኸበት።

«እኔ ነኝ! ሷሊሕ፣ የፋዲላ አባት!»