ከውስጥ የሚዘጋ በር

ጎርፉ ሰፈራችንን ጠራርጎ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ካሰፈረን ወዲህ እንደ አናጺው ሥራ የበዛበት ሰው የለም። መጀመሪያ የጠገነው ከጎርፍ የተረፈው ዕቃ የተከመረበትን ክፍል በር ነው፤ ጠንካራ መቀርቀሪያ መታበት፣ በላዩ ላይ ደግሞ ቁልፍ። የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት በር ግን ከውስጥ መዝጊያ የለውም።

ሚስቱ ብትነግረው ብትነግረው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። «ነገ እሠራዋለሁ አልኩሽ እኮ! እናንተ ደግሞ ጥላችሁን ትፈራላችሁ።» እኛ ጎረቤቶቿም አብረን ሳቅን። ምን ያስቀን እንደነበር እንጃ።

የመጠለያው ኮሚቴ ሰብስቦ ስለ ደህንነታችን ሲጠይቀን አፉን ሞልቶ የተናገረው እሱ ነው። «እዚህ ከገባን አንድ ሚስማር እንኳ አልጠፋብንም። ከዚህ በላይ ምን ደህንነት አለ?» ወንዶቹ አጨበጨቡ። እኛ ሴቶቹ መሬት መሬቱን አየን። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «መጸዳጃ ቤት ስንገባ በሩን ይስቡብናል» ተብሎ እንዴት ይወራል?

በማግስቱ የአናጺው ትልቋ ልጅ ልብስ ስታሰጣ ራሷን ስታ ወደቀች። የመጠለያው ነርስ አየቻትና «ይቺ ልጅ ውሃ አትጠጣም እንዴ?» አለች።

«በርሜሉ ሞልቶ?» አለ አናጺው። «ምን ሆና ነው የማትጠጣው?»

«ከጠጣች መሄድ አለባት» አለች ሚስቱ።

«የት?»

«አንተ ነገ የምትለው ቦታ።»

አናጺው መዶሻውንና አንድ መቀርቀሪያ ይዞ መጸዳጃ ቤቱ ገባና በሩን መለስ አደረገው። የመዶሻ ድምፅ ብንጠብቅ ብንጠብቅ የለም። ሲወጣ በእጁ የጨርቅ ቀበቶ ይዟል፤ የልጁ የዩኒፎርም ቀበቶ ነው። በሩ ላይ አስራ ከውስጥ ይዛ የምትቆይበት ነበር። መሃል ላይ ተበጥሷል።

«ማነው የበጠሰው?» ብሎ ልጁን ጠየቃት።

«አላየሁትም» አለች ልጅቷ። «በሩን ለቆ ሮጠ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም፣ የኔ ልጅ?»

«ልነግርህ ነበር። ከዚያ ስብሰባው ላይ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብልህ አየሁ። እንዳላሳፍርህ ብዬ ነው።»

አናጺው አንገቱን ደፋ። እኛም ብንሆን ቀና ብለን ልናየው አልቻልንም፤ ያንን ሳቃችንን ልጅቷም ሰምታዋለች።

መቀርቀሪያውን መትቶ ሲጨርስ «ግቢና ከውስጥ ዝጊው፣ ልሞክረው» አላት። ገብታ ዘጋችው። እሱም ከውጭ እጀታውን ጨብጦ ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበው። በሩ ንቅንቅ አላለም።

ልጅቷ ግን ከውስጥ ጮኸች።

«እኔ ነኝ! አባትሽ ነኝ!»

«አውቃለሁ» አለች እያለቀሰች። በሩን ግን አልከፈተችለትም።