የአባቴ አራት ጣት

አባቴ አንድ ቃል ከተነፈሰ አራት ወር ሆኖት ነበር። በጨረቃ በዓል ማግስት ስትሮክ ግራ ጎኑን መታውና አንደበቱም አብሮ ተዘጋ። አባቴን፣ ሐኪም ቺዩን፣ የማያውቅ የቦዡ ከተማ ሰው የለም። አርባ ዓመት በሽተኛ በቀጭን መርፌ እየወጋ አክሟል፤ አርባ ዓመት ተቆጥቷል። እኔ ልጁም ተማሪውም ስለነበርኩ ቁጣው እጥፍ ሆኖ ነበር የሚደርሰኝ። እውነቱን ለመናገር፣ የናፈቀኝ ያ ቁጣ ነበር።

መርፌ የሚወጋባቸውን የሰውነት መስመሮች መማር ያስጀመረኝ በሰባት ዓመቴ ነው። ሱሪውን ከጉልበቱ በላይ ሰብስቦ፣ ብሩሹን ቀለም እየነከረ፣ ቺ የሚባለው የሕይወት ኃይል የሚሄድበትን መንገድ እግሩ ላይ ይስልልኛል። የሆድ የሚባለው መስመር ከዓይን ሥር ይነሳል፤ በደረት፣ በጭን ወርዶ ሁለተኛዋ የእግር ጣት ላይ ያልቃል።

«ከጉልበት በታች አራት ጣት ለክተሽ ውጊ። የማንን ጣት?»

«የበሽተኛውን!»

ካልኩ እራቴን እበላለሁ። «የራሴን» ያልኩ ቀን ግን ጉድ ፈላ።

ከታመመ ወዲህ በየጠዋቱ የምወጋው እሱን ነው። ሃያ ዓመት የሠራሁበት ስለሆነ ቦታውን በዓይኔ እለየዋለሁ። መርፌው በትክክል ካረፈ ቺ ይመጣል፤ ከበድ ያለ ድንዛዜ በመስመሩ ይወርዳል። እሱ በሽተኞቹን ሲጠይቅ እንደኖረው «መጣ?» እለዋለሁ። ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል።

አንድ ጠዋት ጎረቤታችን አጎት ኮንግ ወገባቸውን ይዘው ተራ ይጠብቃሉ።

«አንቺ ልጅ፣ እስክትጨርሺ እኮ መሞቴ ነው!»

«ከሞቱ ተራዎን ለሌላ እሰጣለሁ።»

የአባቴ እግር በጣም ከመሳሳቱ የተነሳ ያን ቀን ቦታውን በዓይኔ መለየት አቃተኝ። በአጎት ኮንግ እየሳቅኩ የራሴን አራት ጣት ጉልበቱ ሥር ደረደርኩ።

«ደደብ!»

ከተጣመመው አፉ ጥግ ተንተባትቦ ነው የወጣው፤ ግን ደደብ ነው ያለኝ። አጎት ኮንግ ወገባቸውን ረስተው ብድግ አሉ።

«ተናገረ! ሰደበሽ እኮ!»

እንባዬ እየወረደ የማይሠራውን ግራ እጁን አንስቼ ጉልበቱ ሥር አጋደምኩት። ከልጅነቴ ወዲህ እጁን ይዤው አላውቅም፤ መርፌ ሲያቀብለኝ እንኳ ጣታችን እንዳይነካካ ይጠነቀቅ ነበር። እጁ ቀለለኝ። ከትንሿ ጣቱ ጠርዝ ላይ ወጋሁ።

«መጣ?»

ያን ቀን ወደ መስኮቱ አልዞረም። ሌሊቱን ሙሉ ያቺን አንድ ስድብ እየደጋገምኩ አደርኩ።

በማግስቱ ሆን ብዬ የራሴን ጣቶች ደረደርኩ። ቀና ብዬ ሳላየው ጠበቅኩ። እንደገና ያጣሁት መሰለኝ።

ደህናው እጁ ቀስ ብሎ መጥቶ ጣቶቼ ላይ አረፈ። ሊያነሳቸው ነው ብዬ ነበር፤ አላነሳቸውም።

«ውሸታም» አለኝ።