ሞርላንድ፣ ገጽ 47

ሰኔ 9 ቀን 1956 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነገሩ ሁሉ እንዲህ ነበር። በሶዶ እርሻ ጣቢያ በምጠብቀው የዝናብ መለኪያ ውስጥ የሌሊቱ ዝናብ አሥራ አራት ሚሊ ሜትር ሆኗል፤ ለክቼ መዝግቤዋለሁ። ለአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ከላክሁ ሁለት ወር አልፏል። አባቴ ጩማ ዱባለ ከሚያርስበት ከገሱባ በእግሩ መጥቶ ከእኔ ጋር አድሯል። አራት ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ የመጣ መምህር በትምህርት ቤቱ ያነጋግረኛል። ካለፍኩ እማራለሁ፤ ካላለፍኩ መለኪያ ሳነብ እኖራለሁ።

ከማመልከቻው ጋር «ለምን መማር እንደምትፈልግ በራስህ ቃል በአንድ ገጽ ጻፍ» የሚል ትእዛዝ ነበር። የእኔ ገጽ ሠላሳ አንድ መስመር ነበረው። አሥራ ዘጠኙ መስመር ጥቅስ ነው።

«በራስህ ቃል» የሚለውን ሳላየው ቀርቼ አይደለም። ግን ባደግሁበት ቤተ ክርስቲያን ሰው ተነሥቶ ሲናገር፣ ሽማግሌው አቶ ደገፉ ከፊት ወንበር ሆነው ሳይዞሩ «ከየት?» ይላሉ። ምዕራፍና ቁጥር ያልጠራ ይቀመጣል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ስለ ዝናብ ላመሰግን ተነሥቼ «ከየት?» ተባልኩና ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ምንጭ የሌለው ነገር ከአፌ አይወጣም።

አራቱን ጥቅሶች ያገኘኋቸው ከኑሪ ሱቅ ነው። የግድግዳው ካላንደር በየቅጠሉ የአንድ ሊቅ ንግግር አለበት። ኑሪ የቀኑን ቅጠል ቀዶ ጨው ይጠቀልልበታል፤ እኔ ሳይጠቀልልበት እገለብጣለሁ።

«ኤርካሎ፣ ሊቃውንቱን ከእኔ በነፃ ትወስዳለህ» ይለኝ ነበር። «ጨዉን ግን ከማን እንደምትገዛ አላወቅሁም!»

አምስተኛው የአባቴ ነው። መጋቢት ላይ ጣቢያው መጥቶ መለኪያውን አጎንብሶ አየ። እንዴት እንደሚሠራ አስረዳሁት። ከአጥሩ ጀርባ ሄደ፣ አፈሩን በእንጨት ወጋ፣ ተመለሰና በወላይትኛ «ይሄ ጣሳ የወረደውን ያውቃል፤ የገባውን አያውቅም» አለኝ።

ከገጹ ሁሉ የሚሻለው መስመር ይኸ እንደሆነ አውቄ ነበር። ምንጩን «ጩማ፣ ገሱባ» ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት። አንድ ገበሬ ምን ምዕራፍ አለው? በመለኪያው ላይ በተለጠፈው ናስ «ሞርላንድ» የሚል ስም፣ ከሥሩም 47 የሚል ቁጥር አለ። «ፕሮፌሰር ሞርላንድ፣ ገጽ 47» ብዬ ጻፍኩ።

አራት ሰዓት ላይ በትምህርት ቤቱ ያነጋገሩኝ አቶ ወልደመስቀል የአፈር ትምህርት አስተማሪ ናቸው። ገጼ ፊታቸው ተዘርግቷል፤ አምስቱም ጥቅሶች በቀይ እርሳስ ተሰምሮባቸዋል።

«አራቱን አውቃቸዋለሁ» አሉ። «ያ ካላንደር እኔም ቤት አለ።»

ፈገግ አሉ። እኔም ፈገግ አልኩ።

«አምስተኛው ግን ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ፈለግሁ፤ የለም። በመጨረሻ ፕሮፌሰር ሞርላንድን የት እንዳገኘኋቸው ታውቃለህ? ከቢሮዬ ፊት ለፊት፣ ሣሩ ላይ። በዝናብ መለኪያችን ላይ ተለጥፈው።»

የግድግዳው ሰዓት አራት ከአሥራ ሁለት ይላል። ቀጥሎ ያየሁት አራት ከአሥራ አራት ሲል ነው። በመካከሉ ምን እንዳደረግሁ ዛሬም አላውቅም። ጣቶቼ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተጣብቀው ነበር።

«ማነው ያለው?» አሉኝ።

«አባቴ።»

«አባትህ? የት ነው የሚያስተምሩት?»

«አያስተምርም። ገበሬ ነው። በሩ ላይ ቆሟል።»

እርሳሱ ከእጃቸው ወድቆ ተንከባለለ። አላነሡትም።

አባቴ ተጠርቶ ገባ። ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። አቶ ወልደመስቀል መስመሩን አነበቡና «አንተ ነህ ይህን ያልከው?» አሉት። ማስተርጎሙ በእኔ ላይ ወደቀ። ምንጩን ጭምር ተረጎምኩ።

«ሞርላንድ ማነው?» አለኝ አባቴ በወላይትኛ።

«ጣሳውን የሠራው ሰው ነው።»

አፉን ከፍቶ አየኝ። «የእኔን ነገር ለጣሳ ሠሪ ሰጠኸው? ይኸ ሰውዬ ገሱባ መጥቶ ያውቃል? በሬዬን ብትሰጠው ይሻል ነበር። በሬ ጠፍቶም ይመለሳል!»

«ምን አለ?» አሉ አቶ ወልደመስቀል።

አንድም ሳላስቀር ተረጎምኩት። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልሳቀም። አባቴ ወደ እሳቸው ዞሮ ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛው «ጌታዬ፣ ልጄ ሌባ አይደለችም። ፈሪ ናት» አለ።

አቶ ወልደመስቀል ተነሡና ሦስታችንም ወደ ግቢው ወጣን። «የገባውን እርስዎ እንዴት ያውቃሉ?» ብለው ጠየቁት። «እርስዎ» ማለታቸውን ልብ አልኩ። አባቴ ከአጥሩ ቀጭን እንጨት ሰበረ። ተማሪዎች የረገጡት ሜዳ ላይ ሲወጋው ሁለት ጣት ያህል ገብቶ ቆመ። ከዘበኛው ቤት ጓሮ፣ ከእንሰቱ ሥር ሲወጋው የክንዱን እኩሌታ ያህል ገባ። አውጥቶ እርጥቡን ጫፍ አሳያቸው። አንድ ሌሊት፣ አንድ ዝናብ፣ ሠላሳ እርምጃ የማይሞላ ርቀት ነው። በእኔ መዝገብ ግን ለሶዶ ሁሉ አሥራ አራት ሚሊ ሜትር ነው።

መምህሩ እንጨቱን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት። አለፍኩ ብዬ አሰብኩ።

«ዘንድሮ አልፈርምልህም» አሉኝ። «የሌለ ሰው ጠርተህ፣ የሌለ ገጽ ጽፈህ ልቀበልህ አልችልም።»

ሁለተኛው ድንጋጤ ከመጀመሪያው ባሰ፤ የመጀመሪያውን እኔው ሠርቼዋለሁ፣ ይኸን ግን ፈጽሞ አልጠበቅሁትም። አባቴ ሳላስተረጉምለት ገብቶታል። ባርኔጣውን አጠለቀ።

«የሚመጣው ዓመት ግን» አሉ አቶ ወልደመስቀል፣ «የገባውን ለክታችሁ አምጡ። ያለውንም ሰው ጥራ።»

ከዚያ እስከ መጋቢት 1957 ባሉት ቅዳሜዎች ወደ ገሱባ እየወረድኩ ለካሁ። እንጨቱን አባቴ ይወጋል፤ ማስመሪያውን እኔ እይዛለሁ። ሠላሳ ስድስት ጊዜ ለካን። በአማካይ ከእንሰቱ ሥር ሃያ ስምንት ሣንቲ ሜትር፣ በበቆሎው ማሳ አሥራ አንድ ነበር።

አዲሱ ገጽ ሃያ ስድስት መስመር ሆነ። ጥቅሱ አንድ ብቻ ነው፤ ምንጩም፦ «ጩማ ዱባለ፣ ገበሬ፣ ገሱባ፤ በቃል የተናገረው፣ መጋቢት 1956 ዓ.ም.»

ሐምሌ 1957 በፖስታ የደረሰኝ፣ ዩኒቨርሲቲው የተቀበላቸው ተማሪዎች ዝርዝር ሠላሳ ስምንት ስም ነበረው። የእኔ ሠላሳ ሰባተኛው ነው።