ከሰል የመረጠው ጋዝ ሻጭ

ሰፈሩ በሙሉ በልጅቷ አባት ይስቅ ነበር። እንዴት አይስቅ? ሰውየው ሃያ ዓመት ሙሉ የሲሊንደር ጋዝ ሲሸጥ የኖረ፣ ልጆቹንም በጋዝ ገንዘብ ያሳደገ ነው። የራሱ ጓሮ ግን እሁድ በመጣ ቁጥር በከሰል ጭስ ይታፈናል። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ያሰጣችውን ልብስ ከገመድ ላይ እየለቀመች፣ «ውሃ ሻጭ በጥም ሞተ አሉ» ትላለች ከአጥሩ በላይ፣ እንዲሰማ አድርጋ።

ልጅቷን ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ሬዲዮ ናት፣ አለቀ። ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ ትከፈታለች፣ እንቅልፍ ሲጥላት ትዘጋለች። ትምህርት ጨርሳ ቤት ከዋለች ወዲህ ደግሞ ወንድሟ «ስርጭቱ ሃያ አራት ሰዓት ሆነ» እያለ ያማርራል። እሱ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የደንበኛ ወሬ ሰምቶ ሲገባ እሷ ትጠብቀዋለች።

«አባዬ፣ አንተ እኮ ጋዝ ነው የምትሸጠው» አለችው አንድ ቀን ምሳ ላይ። «ደንበኛ መጥቶ ‹ቤትህ ሥጋ በምን ትጠብሳለህ?› ቢልህ ምን ትለዋለህ?»

«በትዕግሥት እለዋለሁ።»

«የምሬን ነው።»

«እኔም የምሬን ነው። ከሰል አይዋሽም። ሲጠቁር አየዋለሁ፣ ሲቀላ አየዋለሁ፣ አመድ ሲለብስም አየዋለሁ። ጋዝ አይታይም። የማይታይ ነገር ጓሮዬ አይገባም።»

«ሱቅህ ውስጥ ከማይታየው ጋር ትውል የለ?»

«ሱቅ ውስጥ ሳሙናዬ አለ» አለና ፊቱን ወደ ሳህኑ መለሰ።

የአባቷ ሳሙና የታወቀ ነው። ሌላው ጋዝ ሻጭ ሲሊንደሩን ከፈት አድርጎ፣ አፍንጫውን አስጠግቶ «ደህና ነው፣ ውሰድ» ይላል። እሱ ግን በትንሽ ብሩሽ ሲሊንደሩ አፍ ላይ የሳሙና አረፋ እየቀባ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ የሚያመልጥ ጋዝ ኖሮ አረፋው ይነፋ እንደሆን ቁጭ ብሎ ያያል። ወረፋው እስከ መንገድ ይደርሳል። ማንም ግን አይቆጣም። «እንደሱ ጠንቃቃ ከየት ይገኛል» ይላሉ። የሱቁ ባለቤትም ሌሎቹን ሠራተኞች በሱ ነው የሚሰድባቸው።

ቤትም ቢሆን ሰው አይደለም፣ መልአክ ነው። ወንድሟ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ውሎ ጫማውን ሲያወልቅ ሁሉም ከሳሎን ይሸሻል። አባቷ ብቻ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ዜናውን ይሰማል። እናቷ ሩዝ ስታሳርር «ጣት ያስቆረጥማል» ብሎ ይጨርሳል። አንዴ ደግሞ ለእናቷ ሽቶ ገዛላት። ምን ልበላችሁ፣ የበረሮ መድኃኒት ነው የሚሸተው። እናቷ ግን ቀን በቀን ትቀባዋለች።

እንግዲህ ሬዲዮ የመጨረሻውን ፈተና ስታልፍ እናቷ ፍርዷን ሰጠች። «ያለፈችው እሷ ናት። ለደስታዋ የሚጠበሰው በምን እንደሚጠበስ እሷ ትምረጥ።»

«ጋዝ» አለች ሬዲዮ፣ ጉርሻዋን ሳትውጥ።

አባቷ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አደረገ። «ይሁን። ጊዜ ሳገኝ እቃውን አመጣለሁ። እስከዚያ ከሰል ነው።»

በዚያ ቤት «ጊዜ ሳገኝ» ማለት ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የመታጠቢያ ቤቱ በር ሦስት ዓመት ጊዜ እስኪገኝ እየጠበቀ ነው። ስለዚህ ሬዲዮና ወንድሟ መከሩ። ከአባታቸው ሱቅ ከገዙ ወሬው ይቀድማቸዋል፤ ከማዶ ሰፈር ካለ ሱቅ፣ ሳሙና የሚባል ነገር ከማይታወቅበት፣ ባለ ሁለት ምድጃ የጋዝ መጥበሻና አንድ ሙሉ ሲሊንደር ገዝተው መጡ።

እሁድ ጠዋት አባቷ ለግማሽ ቀን ሱቅ ሄዷል። ወንድሟ ከመቀስ ሌላ ብረት ጨብጦ የማያውቅ ሰው፣ ቱቦውን ከሲሊንደሩ ጋር ገጠመ። ገጠመ ይባል እንደሆነ። ሲሊንደሩን ከፈተ፣ ሁለቱንም እሳት ለኩሶ ሞከረ፣ በመጥበሻው ቁልፍ አጠፋቸው፣ ሁለት ጊዜ አሸተተና «ምንም የለም» አለ። ከዚያ አባቷ እንዳያየው በአልጋ ልብስ ሸፈኑት። ጓሮ ያለችው የመጥበሻ ቦታ ነፋስ እንዳይገባት በሦስት በኩል በቆርቆሮ የታጠረች ናት። ወንድሟ በረዶ ሊገዛ ወጣ። ሲሊንደሩን የዘጋው ሰው የለም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሬዲዮ ሽንኩርት ያጠበችበትን ውሃ በትልቅ ሳፋ ይዛ፣ ለእናቷ አንድ ረጅም ታሪክ እያወራች፣ በኩሽናው የጓሮ በር ወጣች።

ሽታው በሩ ላይ ተቀበላት። የበሰበሰ እንቁላል።

ቀና ስትል አባቷ አለ። በጓሮው በር ገብቶ፣ ከአልጋ ልብሱ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ የከሰል ምድጃውን በጉልበቶቹ መሀል አድርጎ፣ ከከሰሉ ሥር ወረቀት ወትፎ ያፏጫል። አበባ መሀል የተቀመጠ ነው የሚመስለው። በእጁ ክብሪት ይዟል።

ሬዲዮ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ያቺ ዝም በይ ሲሏት የማትሰማ ልጅ፣ «አባዬ» የምትለዋ አንዲት ቃል ጉሮሮዋ ላይ ተሰነቀረች። አባቷ ክብሪቱን ጫረ። እንጨቱ ተሰበረ። «ምናባቱ» ብሎ ወረወረውና ሁለተኛ አወጣ።

እግሮቿ እሷን ሳያማክሩ ሮጡ። የሳፋውን ውሃ በሙሉ፣ ከነሽንኩርት ልጣጩ፣ አባቷ ራስ ላይ፣ ምድጃው ላይ፣ ክብሪቱ ላይ ደፋችው።

አባቷ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ትከሻው ላይ ልጣጭ ተለጥፏል። «ፈተና ማለፍ እንዲህ ያደርጋል እንዴ?»

እሷ በጣቷ አልጋ ልብሱን አሳየችው።  አባቷ ጫፉን ገለጥ አድርጎ ሲሊንደሩን ሲያይ፣ ምን ልበላችሁ፣ የፊቱ ደም በአንዴ ወረደ። እጁን ሰዶ ሲሊንደሩን ዘጋ፣ እጇን ያዘና እስከ አጥሩ ጥግ ወሰዳት። እዚያ ቆሙ። ውሃው ከአገጩ ይንጠባጠባል።

«ምን ይሸታል?» አላት።

የሚቀልድ መሰላት። ዓይኑን ስታየው ግን የምሩን ነው የሚጠይቃት።

«ጋዝ ነዋ።»

«ብዙ ነው?»

«አባዬ፣ ኩሽና በር ድረስ መጥቷል እኮ።»

አባቷ መነጽሩን አውልቆ በረጠበ ሸሚዙ ጠረገ፣ ይብስ አቆሸሸው። «ሁለት ዓመት ሆነኝ» አለ። «ያ ጉንፋን አልጋ ላይ የጣለኝ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ጉንፋኑ ሄደ። ሽታንም ይዞብኝ ሄደ።»

ሬዲዮ ራሷ ውስጥ ነገሮች ሲገጣጠሙ ተሰማት። የወንድሟ ካልሲ። ያረረው ሩዝ። ሽቶው። ባለፈው ወር የተበላሸ ወተት ግጥም አድርጎ ጠጥቶ ሌሊቱን ሲታመም ያደረው። እነሱ ትዕግሥት ነው ሲሉ፣ ፍቅር ነው ሲሉ፣ ሰውየው ምንም እየሸተተው አልነበረም።

«ለምን አልነገርከንም?»

«ምን ብዬ? አፍንጫ የሌለው ጋዝ ሻጭ ነኝ ብዬ? ሱቁ አንድ ቀን አያሳድረኝም። ደግሞ ሳሙናዬ አለ። እስከዛሬ አንድ ሲሊንደር አላመለጠኝም።»

«እዚህ ግን ሳሙና አልነበረም።»

«እዚህማ ጋዝ አልነበረም» አለ፣ ቀስ ብሎ።

በጥፊ ቢላት ይሻላት ነበር። ጋዝ ያለችው እሷ ናት። የመረጠችው፣ የገዛችው፣ የሸፈነችው።

«ለእናትሽ እንዳትነግሪ።»

«አልነግርም» አለች። ድምጿ ገና አልተመለሰም። «አንተ ትነግራታለህ። ዛሬ።»

አባቷ ትከሻው ላይ የተለጠፈውን ልጣጭ አንስቶ ወረወረ።

ወንድሟ በረዶውን ታቅፎ ሲገባ አባቱን ከራስ እስከ እግር ረጥቦ አገኘው። «ምንድነው፣ ዋና ነበር?» አለ።  አባቷ ጋዙ እስኪበን ድረስ፣ ከኩሽና ወጥታ የረጠበውን ክብሪት ያየችውን እናቷን ጨምሮ፣ ሁሉንም ከጓሮው አስወጣ። ከዚያ ከሥራ ቦርሳው ብሩሹን አወጣ፣ አረፋ መታ፣ ሲሊንደሩን ለአፍታ ከፍቶ መገጣጠሚያውን ቀባ። አረፋው ተነፋ፣ ተነፋ፣ ጡጫ አከለ፣ ፈነዳ።

«አሽትቼው ነበር እኮ» አለ ወንድሟ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል፣ ልጄ። አረፋ አይለምድም።» መገጣጠሚያውን በመፍቻ አጠበቀ፣ ደግሞ ቀባ። ምንም አልተነፋም።

«በቃ፣ አሁን ደህና ነው» አለች እናቷ፣ ዓይኗ ከሽንኩርቱ ይሁን ከድንጋጤው ቀልቶ። «እንግዲህ ሬዲዮ፣ ምርጫው ያንቺ ነው። ጋዝ ወይስ ከሰል?»

«ከሰል» አለች።

እናቷ ግንባሯን ዳሰሰቻት። ትኩሳት የለም።

ከሰሉ ሲቀጣጠል፣ ሥጋው ሲጠበስ፣ ሬዲዮ ከአባቷ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። የመጀመሪያዋን ቁራጭ እናቷ ለሱ ሰጠችው። «እንዴት ነው?»

«ጣት ያስቆ…» ብሎ ቆመ። አላመጠ፣ ዋጠ፣ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «አላውቅም» አለ። «ጨዉ ይታወቀኛል። ሌላው ወረቀት ነው። ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ምንም አይሸተኝም።»

 ወንድሟ ጫማውን ቁልቁል አየ። እናቷ መጀመሪያ ክብሪቱን ያስታወሰች ይመስላል፣ ምክንያቱም እጇ ወደ አፏ ሄደ። የተናገረችው ግን ሌላ ነው።

«ሽቶው» አለች።

«ምን ሆነ?»

«የበረሮ መድኃኒት ነው የሚሸተው። አንተ ደስ ይልሃል ብዬ ነው የምቀባው።»

«እኔ ደግሞ ስትቀቢው አይቼ፣ ወደደችው ብዬ ሁለተኛ ገዝቼልሻለሁ። ቁም ሳጥን ውስጥ ነው።»

እናቷ ልትስቅ ጀምራ አለቀሰች። ከዚያ ወንበሯን አንስታ አጠገቡ አስቀመጠች። «ነገ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ነው የምንሄደው። ከዚያ ሱቅ። ለባለቤቱ ስትነግረው እኔም እቆማለሁ። ያባርርህ እንደሆነ ፊቴን እያየ ያባርርህ።»

«እሺ» አለ አባቷ። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ቀሎት እሺ ሲል አልሰሙትም።

ሥጋውን በመቆንጠጫ ገለበጠ። ስቡ ከሰሉ ላይ ወርዶ ጭሱ ፊቱ ላይ ሲወጣ፣ እሱ ዓይኑን ብቻ ጨፈነ። «ሬዲዮ» አለ። «አሁን ምን ይሸታል?»

ሬዲዮ ያኔ ተከፈተች። «አሁን ስቡ ነው፣ አባዬ፣ ጣፋጭ ጣፋጭ ይላል፣ ጠርዙ ትንሽ ሊያር ነው፣ በግራ በኩል ያለውን ቶሎ ገልብጠው። ሽንኩርቱ ደግሞ ገና ጥሬ ጥሬ ይሸታል። አንተ ራስህ የሽንኩርት እጣቢ ነው የምትሸተው፣ ይቅርታ። ከልብስ ሰፊዋ ግቢ የታጠበ ልብስ ይመጣል። እና ደግሞ ወንድሜ ጫማውን ሊያወልቅ ነው፣ አባዬ፣ ተነስ፣ ተነስ…»