መንደር የቀሩት እግሮች

የፕኖም ፔን ቤተ መዘክራችን ጠዋት ጠዋት፣ ጎብኚ ሳይገባ፣ ሌላ ዓለም ነው። የግቢው ኩሬ ላይ ያረፈችው ፀሐይ ተመልሳ በድንጋይ አማልክቱ ፊት ላይ ስትዋልል፣ ገና ከእንቅልፋቸው የሚነቁ ይመስለኛል። ያን ሰዓት ማንም ባይረብሸኝ እወዳለሁ። ጥበቃ ነኝ፤ ክፉ ናት ይሉኛል፣ ይበሉኝ።

እማማ ሳሩን የሚባሉ አሮጊት በሩ እንደተከፈተ ገቡ። ሌሊቱን ሙሉ ከሰሜን በአውቶቡስ ሲጓዙ ነው ያደሩት። ጫማቸውን ደጃፍ ላይ አውልቀው፣ በቅርቡ ከባሕር ማዶ ወደተመለሰው ትልቅ ሐውልት ቀጥ ብለው ሄዱና ፊት ለፊቱ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ሐውልቱ ከቁርጭምጭሚቱ በታች እግር የለውም። እሳቸው ሳይወለዱ ሌቦች ቆርጠው ሲወስዱት እግሮቹ እሳቸው መንደር ቀርተዋል፤ የሚጠብቋቸውም እሳቸው ናቸው። አሁን አለቆቻችን እግሮቹን ስጡን ብለው ለምነዋል። የመንደሩም ሰው "እርስዎ አይተውት ይወስኑ" ብሎ ልኳቸዋል።

"እማማ፣ መሬት ላይ አይቀመጥም። ወንበር አለ።"

"እሱ ፊት ወንበር ላይ? አሳዳጊ የበደለሽ ነሽ እንዴ፣ ልጄ?"

ብርሃኑ ከሐውልቱ ደረት ቀስ እያለ ወደ ፊቱ ወጣ። እሳቸውም አብረው ቀና አሉ። እኔም ሥራዬን ረስቼ አብሬ አየሁ።

"ፈገግ ብሏል" አሉ በመጨረሻ። "ከልጅነቴ ጀምሮ በየአዲስ ዓመቱ የጃስሚን አበባ በተነከረበት ውሃ እግሩን አጥባለሁ። ፊቱን ገና ዛሬ ማየቴ ነው። የተቆጣ ይመስለኝ ነበር እኮ።"

"ታዲያ ይሰጡናል?"

"እንዲህ ጎድሎ እያየሁት እንዴት እከለክላለሁ?" እንባቸው መጣ። "ግን ልጅ የለኝም። ጎህ ሲቀድ የማጫውተው እሱን ነው። እዚህ ሲመጣስ፣ በአዲስ ዓመት ማን ያጥበዋል?"

እኛ ዘንድ ሐውልት መንካት ክልክል ነው። ግድግዳው ላይ ተጽፏል፤ እኔው ራሴ ስንቱ ጎብኚ ላይ ጮኼአለሁ።

"እኔ" አልኩ።

እጄን ይዘው ገልበጥ አድርገው አዩት።

"ጥፍርሽን ትቆርጫለሽ።"

"እሺ።"

"የግራ እግሩ ትንሿ ጣት ተሰብራለች። እዚያ ጋ ስትደርሺ ቀስ በይ፤ ያመዋል።"