የእትዬ የሺሐረግ ኢሜይል

ቃሊቲ ባለው የሳሙና ፋብሪካ የኢሜይል ሰርቨሩን የሚጠብቀው ብሩህ ነው። ቀኑን ሙሉ የኤሲው ቅዝቃዜ አጥንት በሚሰረስርበት የሰርቨር ክፍል ብቻውን ይውላል፤ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሙ ገብቶም ብቻውን ያድራል። ሰው የሚያስታውሰው ኢሜይል እምቢ ሲል ብቻ ነው። ያኔማ ስሙን የማያውቀው የለም!

ፋብሪካው የመጣም የተላከም ኢሜይል ሁሉ ለዓመታት እንዲቀመጥ ደንብ አውጥቷል። ሠራተኛው ከራሱ ሳጥን ቢያጠፋው እንኳ ቅጂው ማህደር ውስጥ ይቀራል። ይህን ለሠራተኛው የነገረው ግን ማን አለ? ማንም!

ታዲያ ናዕማ የምትባል ኦዲተር ከዋናው መሥሪያ ቤት መጣችና የግዢ ሠራተኛዋን የእትዬ የሺሐረግን ኢሜይል እንዳለ ስጠኝ አለችው። ብሩህ ከመስጠቱ በፊት ገለጥ ገለጥ አደረገው። ምነው ባልገለጠ! በጨረታ ወሬ መሐል፣ በዓል በመጣ ቁጥር፣ እትዬ የሺሐረግ ለራሳቸው ጽፈዋል፦ «እንኳን አደረሰሽ የሺዬ»። መልሱንም ራሳቸው ናቸው የጻፉት፦ «እንኳን አብሮ አደረሰን»። ከዚያ ሁሉንም አጥፍተውታል። አብሮ ከማን ጋር? ለፋሲካ የብሩህም ስልክ አልጮኸም ነበር።

«የግዢውን ብቻ ነው የምሰጥሽ» አላት ናዕማን።

«ማህደሩ የፋብሪካው ነው እኮ!»

«የሰው የግል ጉዳይ አለበት። የአቅራቢዎቹን ስም ስጪኝና በዚያ ፈልጌ አወጣልሻለሁ። ካልሆነ ሥራ አስኪያጁ ጋ ክሰሺኝ።»

ተኮሳተረች፤ ስሞቹን ግን ሰጠችው።

ወሬ መች ይደበቃል? በማግስቱ እትዬ የሺሐረግ በሩ ላይ ቆሙ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ብሩህዬ፣ ያጠፋሁትም ይገኛል አሉ። እውነት ነው?»

«ይገኛል፣ እትዬ። ለኦዲት የሄደው ግን የግዢው ብቻ ነው።»

«ሌላውንስ... ያየው ሰው አለ?»

ብሩህ ዓይናቸውን ማየት አቃተው። እንዳያፍሩ ብሎ፣ «ኧረ በጭራሽ! ሚካኤልን፣ ማንም አላነበበውም!» ብሎ ማለላቸው።

«ማንም?»

«ማንም።»

እፎይ ይላሉ ብሎ ነበር። እሳቸው ግን ወንበሩን ተደገፉ።

«ይሁን» አሉ። «አንድ ሰው እንኳ አይቶት ይሆናል ብዬ ነበር።»

ብሩህ እኔ አይቼዋለሁ ሊል ቃጣው፤ በሚካኤል የማለ አፉ ግን አልላቀቅ አለው። እትዬ የሺሐረግ ደህና ዋል ብለውት በሩን ዘግተው ሄዱ።