የቦርዱ ሰብሳቢ ቤት

ራዚያ ዋይሊ ከተማ፣ እነ ሀጂ ዓብዱልወሃብ በር ላይ ፓርክ አድርጋለች፤ ሞተሩን ግን አላጠፋችም። ኤሲው ፊቷ ላይ እየነፋ ላብ በላብ ናት። በረንዳው ላይ የወንድ ጫማ ተደርድሯል፤ ሽማግሌዎቹ ገብተዋል ማለት ነው። ሁስናም ውስጥ ናት።

ስልኳ ጮኸ። ቴክስት ነው፣ ከሁስና፦ «ደረስሽ? አንቺ ካልገባሽ ብቻዬን ነኝ።»

ሶ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ራዚያ ፎርት ዎርዝ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት። የተደፈሩ ያገሯ ልጆች በመጡ ቁጥር ነይ አስተርጉሚ ትባላለች። ሁሉም እጇን ጭምቅ አድርገው «በአላህ፣ በማርያም፣ ለማንም እንዳትነግሪ» ይሏታል። አንድ ቀን በቃኝ አለች። እነዚህ ልጆች የሚሄዱበት ቤት ልክፈት አለች። በፈረንጆቹ 2008 ነው፣ ኢኮኖሚው የወደቀ ጊዜ፤ ጋርላንድ ከተማ የሐበሻ ግሮሰሪው ያለበት የሱቆች ፕላዛ ግማሹ ባዶ ነበር፣ እዚያ አንድ ክፍል ተከራየች።

ግን ማን ያምናታል? «እሷ ባል የላት፣ የሰው ትዳር ልትበትን ነው» ተባለ። እሷም ሄዳ ሀጂን ለመነች። ሀጂ ማለት ስንቱን የተጣላ ያስታረቁ፣ ሰው ሞተ ሲባል ቀድመው የሚደርሱ ሰው ናቸው።

«የቦርዱ ሰብሳቢ ይሁኑልኝ» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ይሄማ አላህ የሚከፍለው አጅር ነው» ብለው ፈረሙ። ከዚያ ወዲያ አፉን የከፈተባት የለም።

ኦኬ፣ የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ሁስና! የሀጂ የወንድም ልጅ፤ ዲቪ ደርሷት መጥታ እሳቸው ቤት ያረፈች፣ ኤርፖርት ሳንድዊች የምትሸጥ። የደፈራት ደግሞ ረያን፣ የሀጂ ሚስት ወንድም። እዚያው ቤት፣ ከኮሪደሩ ማዶ ነው የሚተኛው።

«ፖሊስ እንጥራ?» አለቻት ራዚያ።

«አይሆንም! እናቴ ደሴ ሆና ብትሰማ ትሞትብኛለች።»

ራዚያ አላስገደደቻትም። «እሺ፣ ልብስሽን ያዥና እኔ ጋ ነይ» አለቻት። ተስማሙ።

ግን የሐበሻ ታክሲ ነጂዎቹስ? እዚያ ፕላዛ ነው ቆመው የሚያወሩት፣ የሐበሻን መኪና አንድ በአንድ ያውቃሉ። ራዚያ ይሄን እንዴት እንዳላሰበችው! ሁስና ቢሮዋ የመጣችው የሀጂን ካምሪ ነድታ ነበር። አንዱ ደወለላቸው፦ «ሀጂ፣ ካምሪዎ እነ ራዚያ በር ላይ ቆማለች፣ ሰላም ነው?» ቤት ስትገባ ጠየቋት። ልጅቷ መዋሸት አትችልበትም።

በማግስቱ ሀጂ ቢሮ መጡ።

«ልጄ፣ ነገሩን በሽምግልና ይዘነዋል። እሁድ ረያን እግሯ ላይ ይወድቃል፣ እሷም አውፍ ትለዋለች፣ ዱዓ ተደርጎ ያልቃል።»

«ሀጂ፣ ይሄ እኮ ወንጀል ነው! ከቤት ያስወጡት እንጂ።»

«የልጆቼን አጎት የት ልጣለው? አንቺም ትመጫለሽ። ድርጅቱም አለበት ከተባለ ሰው ዝም ይላል።»

«ባልመጣስ?»

«እኔም ከቦርዱ ወጣሁ፣ ሌሎቹም ይከተሉኛል። ያኔ ማን በርሽን ያንኳኳል?» ቁጣ እንኳን የለባቸውም። ልክ እንደሚመክር አባት።

ራዚያ ወዲያው ሁስና ጋ ደወለች። «ዛሬውኑ መጥቼ ልውሰድሽ።»

«ሀጂ እናቴ ጋ ደውለው ነገሯት» አለች ሁስና።

«ወይኔ! ምን አለች?»

«አልሞተችም። ሀጂን አታዋርጂ፣ አውፍ በይው አለችኝ።» ቀጠለች፦ «የትም አልሄድም፣ በቃ። አንቺ ብቻ አጠገቤ ተቀመጪ። ምንም እንዳትናገሪ ግን፣ አፈር ስሆን።»

ይኸው እሁድ ሆነ፣ ራዚያም በሩ ላይ ናት። ከገባች ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጣ እጇን ለዱዓ ልትዘረጋ ነው። ነገ ሌላዋ የተደፈረች ልጅ «ራዚያም እኮ እዚያ ነበረች፣ አሚን ብላለች» ትባላለች፤ ከዚያ በኋላ ያቺ ክፍል ብትከፈት ባትከፈት አንድ ነው። ካልገባች ደግሞ ሁስና እዚያ ምንጣፍ ላይ፣ ረያን እግሯ ላይ ሲወድቅ፣ አንድም የሷ ሰው ሳይኖር። ሲያልቅም ሁሉም ጫማውን አድርጎ ይሄዳል፣ እሷ ግን እዚያው ነው የምታድረው።

የመስኮቱ መጋረጃ ገለጥ አለ። ሁስና ናት። አየቻት።

ራዚያ ቁልፉን ያዘች፣ ለቀቀች፣ መልሳ ያዘች።

እናንተ ብትሆኑ፣ ማለቴ እውነቱን ንገሩኝ፣ ምን ታደርጉ ነበር?